ቀዝቃዛ ኪኒን

ማንም ሳይሾመው ሐኪም የሆነ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። መንግሥት ጤና ጣቢያ ሊያቆም፣ ነርስ ሊመድብ፣ አጎበር ሊያድል ይችላል፤ ይህን ሰው ግን ሊመድበውም ሊያነሳውም አይችልም። እሱን የሚመድበው ትኩሳት ነው። አንዱ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ በሩ ላይ ቁጭ ሲል፣ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ አጠገቡ ተገኝቶ "ምላስህን አሳየኝ" የሚለው እሱ ነው። እንደ ጋምቤላ ባለ፣ ሙቀቱ ከሰው ጋር አብሮ በሚተኛበት፣ ቢምቢው ከቤቱ ባለቤት ቀድሞ በሚገባበት ከተማ እንዲህ ያለ ሰው ባይገኝ ኖሮ ሕዝቡ ተሰብስቦ ይመርጥ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የእኛው ክቡር ዶክተር ኦቻንግ ይባላሉ። ዶክተርነቱን የሰጣቸው ሰፈሩ ነው፤ ክቡርነቱን የጨመርኩበት እኔ ነኝ። አንቱታውም የእኔ ነው። እዚህ ከተማ አማርኛ የሁሉም መገናኛ እንጂ የሁሉም የእናት ቋንቋ ስላልሆነ ሰው ሁሉ "አንተ" ነው፤ ሹሙም ሸክላ ሠሪውም። በሥራ ዘመናቸው ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ውስጥ የአንድ የእርዳታ ድርጅት ስቶር ኪፐር ነበሩ። ፀጉራቸው የሸበተው ብርድ ልብስና ሳሙና ሲያስገቡና ሲያስወጡ ነው። ከመድኃኒት ጋር የነበራቸው ትውውቅ ካርቶኑን ተሸክሞ ከመደርደር አላለፈም። ነገር ግን ሰው ከሚሸከመው ነገር ጥቂት ሳይጋባበት አይቀርም ብለው ያምናሉ።

ሕክምናቸው አንድ ብቻ ነው፤ ቶኒክ። ያ ከለስላሳ ጋር ተደርድሮ የሚሸጠው፣ ምላስ ላይ ሲያርፍ ፊትን የሚያጨማድደው መራራ ውሃ። ለትኩሳት ቶኒክ፣ ለብርድ ብርድ ማለት ቶኒክ፣ ለወገብ፣ ለምግብ እምቢታ፣ ለአማች መምጣት ሁሉ ቶኒክ። አሰጣጡ ግን ሥርዓት አለው። ከብርጭቆው ውስጥ ጋዙ እስኪወጣ ድረስ በማንኪያ ይማሰላል። "ጋዙ ለፈረንጅ ነው፤ ምሬቱ ለእኛ" ይላሉ እያማሰሉ። ከዚያ አጭር ጸሎት ይደረጋል፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸውና። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ። በሁለት ትንፋሽ የጠጣ ሰው ባይሻለው ጥፋቱ የራሱ ነው።

ይህን ጥበብ ያገኙት ከድርጅቱ ፈረንጆች ነው። ፈረንጆቹ አመሻሹ ላይ በረንዳ ተቀምጠው ጂን በቶኒክ ይጠጡ ነበር፤ ወባም አይዛቸውም ነበር። ዶክተር ኦቻንግ ለብዙ ጊዜ ሲያጠኗቸው ቆዩና ወደ አንድ መደምደሚያ ደረሱ። "ሁለት ነገር ቀላቅለው ነው የሚጠጡት" አሉኝ። "አንዱ ኃጢአት ነው፤ አንዱ መድኃኒት። እኔ መድኃኒቱን ብቻ ወሰድኩ።" ፈረንጆቹ የወባ መከላከያ ይውጡ እንደነበር፣ በአጎበርም ይተኙ እንደነበር ባስታውሳቸው፣ ሕፃን ልጅ ብልህ ነገር ሲናገር እንደሚደረገው ራሳቸውን ነቅንቀው "እሱም ይረዳል" አሉ።

ትልቁ ማስረጃቸው ግን ቋንቋ ነው። ቶኒኩን የሚያመርረው ኩዊኒን የሚባል፣ ከዛፍ ቅርፊት የሚገኝ የጥንት የወባ መድኃኒት ነው። እኛ ደግሞ የሚዋጠውን ሁሉ፣ የራስ ምታቱንም የጨጓራውንም፣ "ኪኒን" እንላለን። "ስሙን ስማ፣ መምህር" ይሉኛል ጣታቸውን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው። "ኩዊኒን። ኪኒን። የኪኒን ሁሉ አባት እሱ ነው። ሌሎቹ በስሙ የሚነግዱ ናቸው።"

ችግሩ እዚህ ላይ ትክክል መሆናቸው ነው። ቃሉ የመጣው በእርግጥ ከዚያው ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ሳጠና ከተማርኳቸው ጥቂት የማይረሱ ነገሮች አንዱ፣ ስም ነገሩን አይሆንም የሚል ነው። "ውሃ" የሚለው ቃል ጥም አይቆርጥም አልኳቸው አንድ ቀን ኒም ዛፋቸው ሥር ተቀምጠን። ጥቂት አሰቡበትና "አይቆርጥም" አሉ፤ "ግን ውሃ ብለህ ስትጣራ ሰው ይዞልህ ይመጣል።" እስከ ዛሬም እያሰብኩበት ነው።

በቁጥርም ሞክሬያቸዋለሁ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ኩዊኒን ለጣዕም ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ወባን በእሱ ለማከም የፈለገ ሰው በየቀኑ አንድ ጀሪካን ሙሉ መጠጣት ይኖርበታል አልኳቸው። ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። "አየህ፣ ራስህ አመንክ። በጀሪካን የሚያድን ነገር በብርጭቆ እንዴት ትንሽ አያድንም?"

ስለ ቢምቢም ንድፈ ሐሳብ አላቸው። ቶኒክ የሚያዘወትር ሰው ደሙ ይመርራል፤ ቢምቢ ትቀመጣለች፣ ትቀምሳለች፣ ትተፋለች። ይህን ሊያሳዩን ክንዳቸውን ሲዘረጉ አንዷ ተቀመጠችበት። ተመለከትናት። ሆዷ ቀልቶ እስኪወጠር ጠጥታ፣ በእርጋታ ተነስታ ሄደች። "ይቺ ከማታር ከተማ የመጣች ናት" አሉ ዶክተር። "የአካባቢውን ደም ገና አልለመደችም።"

ሳልዋሽ ልናገር፣ እኔም ታክሜያለሁ። ባቴ በእንቅልፌ ድንጋይ እየሆነ የሚቀሰቅሰኝ ወቅት ነበር። አንድ ብርጭቆ አማስለው ሰጡኝ፤ ጠጣሁ፤ ተወኝ። ያስተወው ቶኒኩ ይሁን በዚያው ሰሞን ጫማ መቀየሬ አላውቅም። ስለ ጫማው ግን አልነገርኳቸውም።

በእሳቸው ሕክምና ያልታከመች የሰፈሩ ሰው ባለቤታቸው ወይዘሮ አጁሉ ብቻ ናት። ራሷን ባመማት ቁጥር ጃንጥላዋን ዘርግታ ቀጥ ብላ ወደ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ለምን ብለው ሴቶች ሲጠይቋት፣ "ሲያገባኝ ጤነኛ ነበርኩ፤ እንደዚያው ይተወኝ" ትላለች አሉ።

እንዲህ ባለ ሁኔታ፣ ቀስ በቀስ፣ በሰፈራችን አንድ ነገር ሆነ። ማንም ልብ ያለው አልነበረም፤ ቋንቋ ሲለወጥ ማንም ልብ አይለውም። ቶኒክ የሚለው ስም ጠፋ። ሰው ሱቅ ሄዶ "ኪኒን ስጠኝ" ማለት ጀመረ። ባለ ሱቁም "ቀዝቃዛ ነው ያልቀዘቀዘ?" ይላል። ከደጋ ለሥራ የመጣ አንድ እንግዳ ቆሞ ሳለ፣ ባለ ሱቁ ለአንዲት ሴት "ቀዝቃዛ ኪኒን ጨርሰናል፤ ሚሪንዳ ውሰጂ" ሲላት ሰምቶ፣ የያዘውን ዳቦ ትቶ ሊሄድ ነበር። ሳቅንበት። አኙዋኩም፣ ኑዌሩም፣ ደገኛውም ቶኒክን ኪኒን ሲል የተስማማበት ጊዜ ነበር፤ እዚህ ከተማ ደግሞ ሁሉም የተስማማበት ነገር ብዙ አይደለም። ሰው ከሰፈር ሰፈር በማይሻገርበት ክፉ ሰሞን እንኳ የዶክተር ኦቻንግ ብርጭቆ ይሻገር ነበር።

ባጃጅ የሚነዳው ፑዎትና ባለቤቱ ኛቦል ከእኔ ቤት በአንድ አጥር ነው የምንለያየው። ኑዌሮች ናቸው፤ ግማሽ ቤተሰባቸው ከድንበሩ ማዶ ነው። ኛቦል ገበያ ዓሣ ትሸጣለች፤ ድምፅዋ ከእኔ ሬዲዮ ይበልጣል። ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ያ ድምፅ ጠፋ። ትኩሳት ያዛት። ዶክተር ኦቻንግ መጡ፣ ምላስ አዩ፣ አማሰሉ፣ ጸለዩ። ኛቦል በአንድ ትንፋሽ ጠጣች። ማግስቱንም፣ ከዚያም ወዲያ ጠጣች። ትኩሳቱ አልወርድ ሲል ፑዎት ባጃጁ ላይ አሳፍሮ ጤና ጣቢያ ወሰዳት።

እዚያ የተባባሉትን በኋላ ከሁሉም አፍ ሰብስቤዋለሁ። ተረኛዋ ሲስተር ቦጋለች ከደጋ በቅርቡ ተዛውራ የመጣች፣ ጨዋና ጠንቃቃ ልጅ ናት። ጣቷን ወግታ መረመረቻት፤ መርመሪያው ወባ አለ ይላል። እንደ ደንቡ ጠየቀቻት።

"ኪኒን ወስደሻል?"

"ወስጃለሁ" አለች ኛቦል።

"ማን ነው ያዘዘልሽ?"

"ዶክተር።"

"ጨርሰሽዋል?"

"ሁሉንም።"

አንድም ውሸት የለበትም። ኛቦል የምታውቀውን አማርኛ አንድ ቃል ሳታዛባ ተናገረች፤ ሲስተርም አንድ ቃል ሳታዛባ ሰማች። መርመሪያው፣ ሰው የወባ መድኃኒቱን ከጨረሰ በኋላም ለሳምንታት ወባ አለ እያለ ሊያሳይ እንደሚችል ሲስተር ተምራለች። ስለዚህ ወባው ታክሟል፤ ትኩሳቱ ሌላ ነገር መሆን አለበት አለች። ታይፎይድ ጠረጠረች። የታይፎይድ መድኃኒት ሰጥታ፣ ካልተሻለሽ ተመለሽ ብላ አሰናበተቻት። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እንዲሁ አደርግ ነበር።

ያንን መድኃኒት መዋጥ ከጀመረች ወዲህ በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው ዶክተር ኦቻንግ በእኔ በኩል ሲያልፉ "ና፣ በሽተኛዬን እንጠይቃት" ያሉኝ። በአማርኛ የታመመ ሰው ጋ መሄድ "መጠየቅ" ይባላል፤ ብዙዎቻችን ግን ስንሄድ የምንጠይቀው ነገር የለም። እሳቸው በእርግጥ ይጠይቃሉ። በልተሻል? ተኝተሻል? ሽንትሽ ምን ይመስላል? በሰው ፊት።

ኛቦል ማንጎው ሥር ሰሌን ላይ ተኝታ ነበር። ዓይኗ ቢጫ ሆኗል። ዶክተር ሲጠይቋት በአማርኛ አልመለሰችም፤ በኑዌርኛ አንድ ሰው ትጣራ ነበር። ፑዎት ድምፁን ዝቅ አድርጎ እናቷን እንደሆነ ነገረን። እናቷ ከማዶ ናቸው፤ ካየቻቸው ዘመን አልፏል። ፑዎት ግን እንደ ተረጋጋ ሰው ነበር። "ወባ አይደለም" አለን። "ሲስተር ነገረችን። ኪኒን ስለጨረሰች ወባው አልቋል አለች።"

ዶክተር ኦቻንግ በመጀመሪያ ደስ አላቸው። በጊዜ ስለደረስንላት ነው፣ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ግን ሳይሉት እጃቸውን የኛቦል ግንባር ላይ አድርገው እዚያው አቆዩት።

"የትኛውን ኪኒን?" አሉ።

ፑዎት ጥያቄው አልገባውም። "ያንተን" አለ።

እዚህ ላይ አንቱታውን ልተወው። ሰው ሲደነግጥ አንቱታ ይሰፋዋል። ኦቻንግ ሰሌኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። የተፈጠረውን ከሁላችንም ቀድሞ የተረዳው እሱ ነው፤ ቃሉን ያስለመደው እሱ ነበርና። ከዚያ ተነሳና "ባጃጁን አስነሳ" አለ። ለፑዎት ሌላ ምንም አልነገረውም፤ ጊዜ አልነበረም። ኛቦልን መሃል አድርገን ተጫንን። መንገዱን ሁሉ ኦቻንግ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አየሁት። እየጸለየ መስሎኝ ነበር። አረፍተ ነገር እያዘጋጀ ነበር።

ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ አግዳሚው ሞልቷል፤ ከተቀመጡት ግማሾቹ የእሱ በሽተኞች ናቸው። "ዶክተር መጣ" ተባለ። ቦታ ለቀቁለት። ፑዎት ኛቦልን አቅፎ ወደ ውስጥ ሲያስገባ፣ ሲስተር ቦጋለች በሩ ላይ ተቀበለችን። ኦቻንግ ወደ እሷ ጠጋ ብሎ፣ ሌላው እንዳይሰማ፣ ከድርጅቱ ዘመን በተረፈችው እንግሊዝኛ ጀመረ። "ሲስተር፣ ፓሸንቷ ፕሮፐር ሜዲኬሽን… ኮንፊውዥን…" አለ።

"አባቴ" አለች ሲስተር፣ "ይረጋጉና በአማርኛ ይንገሩኝ። ኪኒኑን ጨርሳለች አይደል እንዴ?"

ወደ እኔ ዞረ። እንድናገርለት ነው። እኔ ብናገር ነገሩ በሁለት ቃል ያልቃል፤ እሱም ወደ ቤቱ ዶክተር ሆኖ ይመለሳል። አፌን ልከፍት ስል እጁን አንስቶ ከለከለኝ። ምን እንዳየ ያወቅሁት በኋላ ነው፤ አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን በሽተኞቹን አይቶ ነበር።

"አልጨረሰችም" አለ፤ አሁን ድምፁን ከፍ አድርጎ። "አልጀመረችም። ለስላሳ ነው ሲስተር። እኛ ኪኒን የምንለው ለስላሳ ነው። ሱቅ ነው የሚገዛው፣ ከኮካ ጎን ነው የሚቀመጠው። ያዘዝኩላት እኔ ነኝ። ዶክተር ያለችሽ እኔን ነው፤ እኔ ደግሞ የስቶር ሠራተኛ ነኝ።"

ሲስተር አፍታም አልቆየች፤ ወደ ውስጥ ገባች፤ ለሌላዋ ነርስ መርፌ አዘጋጂ ስትል ሰማን። ኦቻንግ ግን አልጨረሰም። ወደ አግዳሚው ዞረ። አንዱ ሳቅ ጀምሮ ነበር።

"እናንተም" አለ። "ሲስተር ኪኒን ወስዳችኋል ወይ ስትላችሁ የእኔን አትቁጠሩ። አልወሰድንም በሏት።"

አንድ ሽማግሌ አሰቡና፣ "እኔ ቅድም ወስጃለሁ ብያት ነው የምጠብቀው" ብለው ከወረፋቸው ተነስተው ወደ ውስጥ ገቡ። ከዚያ አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ተከተለቻቸው። ኦቻንግ ግድግዳውን ተደግፎ ሲያያቸው ነበር። ስንት በሽተኛ እንደተቀነሰበት የሚቆጥር ሰው አይመስልም ነበር።

ኛቦል መርፌውን ተወጋች፤ እዚያው አሳደሯት። ማግስቱን ጠዋት ከኦቻንግ ጋር ልንጠይቃት ሄድን። መንገድ ላይ ሰላም ለሚሉት ሰዎች ሁሉ ባርኔጣውን ያነሳ ነበር፤ እንደ እንግዳ። ኛቦል ዓይኗን ገልጣለች። ፑዎት ከአልጋው ሥር ወለሉ ላይ ተኝቷል። ሲስተር ቦጋለች ክፍሉ ጠባብ መሆኑን፣ ከቤተሰብ በቀር ማንም እንዳይቀመጥ መታዘዟን በትሕትና ነገረችን። እኔን "እርስዎ ምኗ ነዎት?" አለችኝ። ጎረቤት ነኝ አልኩ። ውጭ ቢጠብቁ አለችኝ። ወደ ኦቻንግ ዞረች።

"እርስዎስ ምኗ ነዎት?"

ኦቻንግ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ።

"ሐኪሟ ነበርኩ" አለ።

ኛቦል ከአልጋዋ ላይ፣ ሬዲዮዬን ይበልጥ በነበረው፣ አሁን ግን ጆሮ ቀጥ አድርገው ካልሰሙት በማይሰማው ድምፅዋ "ሲስተር" አለች። "ይቀመጥ። ዛሬም ሐኪሜ ነው። መድኃኒቱን ብቻ አንቺ ስጪኝ።"

ሲስተር ቦጋለች ሁለቱንም አየቻቸው፤ ከጥግ ባለ ሦስት እግር መቀመጫ ስባ አልጋው አጠገብ አደረገችለት። ኦቻንግ ተቀመጠና በልተሻል ወይ ብሎ ጀመረ። እኔ ወጣሁ። በረንዳው ላይ ቆሜ፣ ይህን ያህል ዘመን አስተምሬ፣ ይህን ያህል መጽሐፍ አንብቤ፣ እኔን ከአልጋዋ ላይ ሆና "ይቀመጥ" የምትል አንዲት በሽተኛ ትኖር ይሆን ብዬ አሰብኩ። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም ልሰጠው ብፈልግም አላገኘሁለትም።

ከዚያ ወዲህ ትኩሳት ሲጀማምረኝ እንደ ማንኛውም አስተዋይ ሰው ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ነው የምሄደው። የምሄደው በኦቻንግ በር በኩል ነው። ያየኝና ይነሳል፣ ምላሴን ያያል፣ በልተሃል ወይ ይለኛል፤ ከዚያ ጫማውን አድርጎ አብሮኝ ይመጣል። ፑዎት በባጃጁ በተሳፈርኩ ቁጥር፣ ከእኔ ቤት ጤና ጣቢያ የሚያደርስ፣ በኦቻንግ በር የማያልፍ ሌላ አጭር መንገድ እንዳለ ይነግረኛል።